ቀናቸው የማይታመን ፎቶዎች

ፎቶ ማንሳት ለእኔ እንጀራ አይደለም። እንጀራዬ ጳውሎስ አካባቢ ባለ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ደም በማይክሮስኮፕ ሳይ እውላለሁ። ካሜራዬን የማነሳው እሁድ እሁድና በዓል ሲሆን ነው። ከቀጨኔ ጠባብ ቁልቁለቶች ተነስቼ አንዳንዴ እስከ እጽዋት ማዕከሉ ድረስ እወጣለሁ፤ ቅጠልም ሰውም ያገኘሁትን አነሳለሁ። ለማን እንደማነሳ የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነው። ለማንም አላነሳም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው።

በተፈጥሮዬ ስጋታም ነኝ። ከቤት ስወጣ በሩን እቆልፍና መቆለፉን ለማረጋገጥ እገፋዋለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ገፍቼዋለሁ ወይስ አልገፋሁትም እያልኩ እጨነቃለሁ። ስለዚህ ለዓመታት የተጠቀምኩበትን የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም መቀየር ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። አሮጌ ነው፣ ሲከፈት ይንቀራፈፋል፤ ግን አመሌን ያውቃል። ፎቶዎቼን በገዛ ስማቸው በየፎልደራቸው አስቀምጣለሁ፦ ጥምቀት፣ የሽሮ ሜዳ ዝናብ፣ የጎረቤት ድመት። ስፈልግ የት እንዳለ አውቃለሁ።

ያስቀየረኝ እዚያው ላቦራቶሪ አብሮኝ የሚሠራ ባልደረባዬ ነው፤ እሱም እንደኔው በካሜራ ያበደ ነው። አዲሱ ከወጣ ጀምሮ ፋታ አልሰጠኝም። "አንቺ ሴትዮ፣ አፕዴት አድርጊው እንጂ። አዲሱ የሰው ፊት ያውቃል፣ የተበላሸውን ራሱ ለይቶ ያስቀምጥልሻል። አንቺ እንደ ጥንት ሰው ፎልደር ትቆጥሪያለሽ" ይለኛል። ጥንት የሚለው ቃል አናደደኝ መሰለኝ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ አወረድኩት።

እንደ ስጋታም ሰው መጀመሪያ ያደረግኩት ፎቶዎቼን በሙሉ ሃርድ ዲስክ ላይ ኮፒ ማድረግ ነበር። ይህን አድርጌ ሃርድ ዲስኩን ሳልነቅል ቀጠልኩ። ቢነቀል ይበላሽ ይሆናል ብዬ ነው የተውኩት። ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ ይጠይቀኝ ጀመር። ይህን ልለይ? ያንን ላስተካክል? ይህስ ይነሳ? ጥያቄው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አንድ በአንድ አነበብኩ፤ ሲበዛብኝ ግን እሺ፣ እሺ እያልኩ መገላገል ጀመርኩ። ጥያቄ ሲደራረብብኝ ቶሎ እንዲያበቃ የማላደርገው ነገር የለም።

ሲጨርስ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ፎቶዎቹ እንደ ውኃ ይፈሳሉ። ፎልደሮቼ አይታዩም፤ ሁሉም ነገር በቀኑ ተሰልፎ የስልኬ አንድ፣ የካሜራዬ አንድ ረጅም መስመር ሆኗል። ፊት ያውቃል የተባለውም ያሳቀኝ ነገር አደረገ፦ መድኃኔዓለም ሲነግሥ ያነሳኋቸውን ነጠላ የተከናነቡ ሴቶች በሙሉ አንድ ሴት አድርጎ ስሟ ማነው ብሎ ጠየቀኝ። የቅርብ ጊዜ ፎቶዎቼን እያየሁ አመሸሁ። ወደ ኋላ ሄጄ የድሮዎቹን ማየት አልመጣልኝም።

በማግስቱ ሰኞ ከሥራ ስመለስ አንዲት ጎረቤቴ በራፏ ላይ ጠበቀችኝ። ከእኛ ቤት ሁለት በር ዝቅ ብላ ነው የምትኖረው፤ ባሏ ሸማኔ ነበር፤ እሱ የሸመነውን እሷ ሽሮ ሜዳ ወስዳ ትሸጥ ነበር። ባሏ ካረፈ ወር አልፎታል። በለቅሶው ጊዜ ሌላ ፎቶ ጠፍቶ የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለው ተነስቶ፣ ጎልቶ፣ ጥቁር ጨርቅ ተደርጎበት ድንኳኑ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። ሰውየው በዚያ ፎቶ ላይ የተያዘ ሌባ ይመስላል። እኔ ራሴ ባየሁት ቁጥር እሱን አልመስል ይለኝ ነበር።

"ልጄ" አለችኝ፣ "ያኔ አንስቼዋለሁ ያልሽኝ ፎቶ አለ አይደል? የሚስቅበት?"

"አለ እትዬ።"

"ቅዳሜ አርባው ነው። ያንን መታወቂያ ደግሜ መስቀል አልቻልኩም። ሳየው ሆዴ እምቢ ይላል። ያንቺን ብታመጪልኝ።"

"አሳጥቤ አመጣልዎታለሁ። ሐሙስ ወይ ዓርብ እጅዎ ላይ ነው" አልኳት።

ያ ፎቶ ካነሳኋቸው ሁሉ የምወደው ነው። የተነሳው ህዳር ሚካኤል ዕለት ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ የሚያቃጥልበት፣ ቀጨኔ ከላይ እስከ ታች ጭስ የሚሆንበት ቀን። ጭሱን ላነሳ ወጥቼ ሳል ይዞኝ፣ ዓይኔ እያነባ በበሩ ሳልፍ እሱ ውስጥ ሆኖ ይሸምናል። ከዚያ በፊት ላነሳዎት ባልኩት ቁጥር "ሌላ ጊዜ" እያለ ሸሽቶኝ ነበር። ያን ቀን ግን እኔ እንዲያ እያሳለኝ ካሜራውን ከዓይኔ አለማንሳቴ አሳቀው። አንድ እጁ መወርወሪያውን፣ አንድ እጁ ክሩን እንደያዘ ጥርሱን ገልጦ ሳቀ፤ እኔም እሺም እምቢም ሳይለኝ አነሳሁት። ለሚስቱ ነገርኳት። አሳጥባለሁ፣ አሳጥባለሁ እያልኩ ሳላሳጥበው ዓመታት አለፉ። እሷም አይታው አታውቅም።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የካሜራዬን መስመር ወደ ኋላ ጎተትኩት። የአምናው አለ፣ የካቻምናው አለ። ከዚያ በፊት በካሜራ ያነሳሁት ምንም የለም፤ በስልኬ መስመር ላይ ግን ሁሉም አለ። መጀመሪያ እስኪጭን ነው ብዬ ጠበቅኩ። ዘጋሁና ከፈትኩት። ህዳር ብዬ ጻፍኩ፣ ጭስ ብዬ ጻፍኩ፣ ምንም አያመጣም። ዓመታት ሙሉ የዞርኩበት፣ ጥምቀቱ፣ ዝናቡ፣ ድመቷ ሁሉ የለም። ሃርድ ዲስኩን ከፈትኩ። እዚያም የለም። ለካ ሳልነቅለው ስለተውኩ እሱንም አብሮ አስተካክሎታል።

ላብ አጠመቀኝ። ስለ ሌላው ፎቶ ግድ አልነበረኝም ብል ውሸት ነው፤ ግን ያን ሰዓት የታየኝ አንድ ፊት ብቻ ነው። ሰውየው ከእንግዲህ አይነሳም። ይህ ከጠፋ ለሚስቱ የሚቀራት ያ መታወቂያ ላይ ያለው ሰው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት እንዳታየኝ በታችኛው መንገድ ዞሬ ወጣሁ። ያ መንገድ ዳገቱ ልብ ያፈርሳል፤ ግን ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ማታም በዚያው ተመለስኩ። ምንም አልጠቀመኝም፤ እሷው ቤቴ ድረስ መጥታ አንኳኳችና የገብስ ቆሎ በሰሃን ሰጥታኝ፣ "ደረሰ እንዴ?" አለችኝ። "ደርሷል፣ ትንሽ ማስተካከል ይቀረዋል" አልኳት። ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም። ከሄደች በኋላ ቆሎውን መቅመስ አቃተኝ።

ለባልደረባዬ መናገር አሳፍሮኝ ነበር። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ግን አንዱን ናሙና ሁለት ጊዜ ደግሜ ስሠራ አይቶ ምን ሆነሻል አለኝ፤ ነገርኩት። ሳቁ ጠፋ። "ሌላ ምንም አትንኪ" አለኝ። ከሥራ ስንወጣ አብሮኝ ቀጨኔ መጣ።

ባልደረባዬ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሎ ብዙ ቆየ። እኔ ከኋላው ቆሜ በነካ ቁጥር "ምን ነካህ? ምን አደረግክ?" እለዋለሁ። በመጨረሻ ከአንድ ጥግ የተደበቀ ነገር ከፍቶ አነበበና ዞሮ አየኝ።

"ካሜራሽን ቀኑን በምንድነው የሞላሽው?"

"በቀኑ ነዋ።"

"በየትኛው ቀን? በኛ ነው በፈረንጅ?"

"በኛ። ሌላ በምን ልሞላው?"

ግንባሩን ያዘ። ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራውን የገዛሁ ዕለት መጀመሪያ የጠየቀኝ ቀን ነበር። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን ካሌንደር አየሁና ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን ሞላሁለት። ስልኬ በፈረንጅ ይቆጥራል፣ ካሜራዬ በኛ፤ ለእኔ ሁለቱም ልክ ነበሩ። ጣጣ አልነበረውም አልልም። ለካሜራዬ ሁለተኛው ወር አጭር ስለሆነ ጥቅምት ሳያልቅ ህዳርን ያስገባብኛል፤ ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ አያውቃትም፤ ከነሐሴ ዘሎ አዲስ ዓመት ይላል። በየጊዜው አርመዋለሁ። ሰዓቱንም በኛ ነው የሞላሁት። አሮጌው ፕሮግራም ስለዚህ ሁሉ አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

አዲሱ ግን ካሜራው መቼ እንደተሠራ ያውቃል። የድሮ ፎቶዎቼን ቀን አየና ካሜራው ከመሠራቱ ዓመታት አስቀድሞ የተነሱ ሆነው አገኛቸው። የቅርብ ጊዜዎቹ በኛም አቆጣጠር ቢሆን ካሜራው ከተሠራ በኋላ ስለሚውሉ አመናቸው፤ እነዚያን ግን ቀናቸው የማይታመን ብሎ ለይቶ ደበቃቸው። ሊደብቃቸው መሆኑንም ጠይቆኝ ነበር። በሳምንት ውስጥ ባለቤቱ ስለ ቀናቸው ማብራሪያ ካልሰጠ እንደሚያጠፋቸውም ጽፎልኝ ነበር። እኔ እሺ ብያለሁ።

"አልጠፉም ማለት ነው?" አልኩት።

"እስካሁን አልጠፉም። ዓመት እንጨምርላቸዋለን፤ ያኔ ያምናቸዋል። በቃ።"

በቃ ሲል እንዴት ቀላል ነገር ይመስላል። ሰባት ስምንት ዓመቱን አስልቶ ሰጠውና ጀመረ። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ፤ የጥምቀቱ ጃንጥላ፣ አንድ ቅጠል፣ ሌላ ቅጠል፤ እኔ ወንበር ይዤ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ሲመጣ የምቆጥር ይመስል አፌን ከፍቼ አያለሁ። ግማሽ እንኳ ሳይመለስ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ሶኬት ላይ ካልሆነ አይሠራም። ማያው ጠቆረ።

ባልደረባዬ የስልኩን መብራት አበራና ቀስ ብሎ፣ "እ... ማለቴ፣ መሃል ላይ ባይቋረጥ ነበር ጥሩው" አለ። ልቆጣው ነበር፤ ግን በስልኩ መብራት ፊቱን ሳየው እሱም ፈርቷል። ቆይተን ጠበቅን። መብራት ሳይመጣ ሲቀር ታክሲ እንዳያልቅበት ሄደ። እኔ ልብሴን ሳልቀይር ጋደም አልኩ። ለእሷ ምን ብዬ እንደምነግራት ዓረፍተ ነገር እየሠራሁ አፈርሳለሁ። ኮምፒውተር በላው ልበላት? ኮምፒውተር የሰው ባል እንዴት ይበላል?

ጠዋት የጎረቤት ሬዲዮ ሲጮኽ መብራት መምጣቱን አወቅኩ። ከአልጋዬ ወደ ኮምፒውተሩ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ፕሮግራሙ ተከፈተና ሥራ መሃል ተቋርጦበት እንደነበረ፣ ካቆመበት ይቀጥል እንደሆነ ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ ግን እያንዳንዷን ቃል በጣቴ እየተከተልኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ቀጥል አልኩት። ላቦራቶሪ ደውዬ አረፍዳለሁ አልኩ።

ወርና ቀናቸው በየቦታው ስለተንጋደደ ህዳር ሚካኤልን በቀኑ ላገኘው አልቻልኩም። ስለዚህ በጭሱ ፈለግኩት። ግራጫ ፎቶ ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ። ግራጫ ዳገት፣ ግራጫ ቆርቆሮ፣ የሚቃጠል ቅጠል የከበቡ ሴቶች። ከዚያ መጣ። እሱ፣ በበሩ ውስጥ፣ ክሩ ከፊቱ ተወጥሮ፣ ጥርሱን ገልጦ። አለቀስኩ። ፎቶ ጠፍቶ በመገኘቱ የሚያለቅስ ሰው አለ ብለው ቢነግሩኝ እስቅ ነበር።

ዓርብ ከሥራ በፊት ጳውሎስ ጋ ካለ ፎቶ ቤት በትልቁ አሳጠብኩት። የፎቶ ቤቱ ሰውዬ እንኳ ቆም ብሎ አይቶ "ጥሩ ፎቶ ነው" አለኝ። ከሰዓት በኋላ በወፍራም ወረቀት ጠቅልዬ ይዤላት ሄድኩ። ሦስት ቀን ከሸሸሁ በኋላ በዋናው መንገድ ቀና ብዬ መራመዴ ራሱ ዕረፍት ነበር።

ብቻዋን ነበረች፤ ለነገው ምስር ትለቅማለች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ። ወረቀቱን ፈታችው። ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አየችው። እኔ የጠበቅኩት ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። ጣቷን አፉ ላይ አሳረፈች። ከላይ ከፊት ለፊቱ አንድ ጥርስ የለውም፤ እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት ያንን አላስተዋልኩም ነበር። ሳቁን ነበር የማየው።

"ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር" አለችኝ። "ከተጋባን ጀምሮ። እኔም ብሆን እንዲህ ተገልጦ አይቼው አላውቅም። ጥርሱን ያፍርበታል። ያኔ እጁ ተይዞበት ነው አይደል?"

"አዎ እትዬ። መወርወሪያውን ይዞ ነበር።"

ፎቶውን በወረቀቱ መልሳ ጠቀለለችው፤ ቀስ ብላ፣ ጥለት እንደምታጥፍ። "ይህን አልሰቅልም" አለች። "በቁም ሳለ ለሰው ያላሳየውን ሞቶ አላሳይበትም። እኔ አስቀምጠዋለሁ።"

"እንደ ፈቀዱ" አልኳት። ቅር አለኝ፤ ነገ ሰው ሁሉ ያየዋል ብዬ ነበር። ግን ምን ማለት እችላለሁ?

"ኮምፒውተርሽም ላይ አለ?"

"አለ።"

"ሰው ያየዋል?"

"ኧረ ማንም አያየው። እኔ ብቻ ነኝ።"

"አንቺም ብትሆኚ" አለችኝ። ቁጣ የለባትም፤ እንዲያውም እጄን ይዛኛለች። "ልጄ፣ ደክመሽልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ከዚያ አጥፊልኝ። ይቺ የእኔ ብቻ ትሁን።"

እሺ አልኳት። ዳገቱን ስወጣ ግን ተናድጄ ነበር። ያ ሁሉ ላብ፣ ያ ሁሉ መዞር ለዚህ ነው? ከነፍሴ የምወደው ፎቶ ነው፤ እንደሱ ያለ ደግሜ አላነሳም። ባላጠፋው በምን ታውቃለች? ኮምፒውተር ከፍታ አታይ። ይህን እያሰብኩ ቤት ደረስኩ፤ ሻይ አፈላሁ፤ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ፎቶውን ከፈትኩና ለረጅም ጊዜ አየሁት። አሁን ግን ሳቁ ብቻውን አልታየኝም። የማይንቀሳቀሰው እጁ ታየኝ፤ መሸፈን ፈልጎ ያልቻለው።

አጠፋሁት። ፕሮግራሙ ቅርጫት ውስጥ እንዳስቀመጠው ነገረኝ፤ ቅርጫቱንም ከፍቼ ከዚያ አጠፋሁት። ከዚያ ሃርድ ዲስኩን ከፍቼ እዚያም ያለውን አጠፋሁ።

ቅዳሜ አርባው ላይ የመታወቂያው ፎቶ ጥቁር ጨርቁን እንደለበሰ ተሰቅሏል። አጠገቤ የተቀመጠች የእድር ሴት ፎቶውን አይታ ወደ እኔ ዘንበል አለች። "አንቺ ያን ሁሉ ካሜራ ተሸክመሽ ስትዞሪ፣ ለእኚህ ሰው ከዚህ የተሻለ አንድ ፎቶ የለሽም?" አለችኝ።

ባለቤቱ ከፊት ለፊት ሆና ሰማች። ቀና ብላ አየችኝ።

"የለኝም" አልኩ።